ለዝንብ ብዬ ያፈሰስሁት

ምራቴ ውሃው ይሸታል ስትለኝ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመለስሁላትን ሳስበው ዛሬም አፌን በቆረጠው እላለሁ። «እርጉዝ አፍንጫ ምን የማይሸተው አለ!» አልኋት። «እኔ ባልሽን ሳረግዝ አባቱ ራሱ ይሸተኝ ነበር፤ አውጥቼ አልጣልሁት!» እየሳቀች ጣሳውን መልሳ አነሳችና ጠጣች። ያሳቅኋት እኔ ነኝ፣ ያጠጣኋትም እኔ ነኝ።

ቤታችን ቁስቋም ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ። የጎንደርን የቧንቧ ውሃ ነገር ለሚያውቅ አልነግረውም፤ ለማያውቅ ደግሞ ብነግረው አያምነኝም። ዛሬ ይመጣል ሲባል ጀሪካን ተደርድሮ ይከርማል። የእኛ ግቢ ግን ሟቹ ባለቤቴ ያስቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ስላለው ጎረቤት ይቀናብን ነበር። ልጄ በጭነት ማኪና ወደ አዲ አርቃይ እየተመላለሰ ስለሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤት የምንውለው እኔና ምራቴ ብቻ ነን። የደባርቅ ልጅ ናት። ሸጋ ልጅ፣ ቁጥብ፣ አንቱ እያለች ጎንበስ ብላ የምታናግረኝ። ውሃው ይሸታል ያለችኝ ደግሞ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። በሰኔ «እማማ፣ ላምባ ላምባ ይላል» አለችኝ። በሐምሌም ደገመችው። በሐምሌ ተቆጣኋት፤ «እናትሽ ከወንዝ ከከብት እኩል ጠጥታ አይደል የወለደችሽ!» ብዬ ዘለፍኋት። ከዚያ ወዲያ ምንም ሳትል መጠጣቷን ቀጠለች።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ የጉድጓዱ ውሃ ከፍ አለ። አንድ ጠዋት ባልዲውን ስቤ ሳወጣ፣ በውሃው ፊት ላይ የማርያም መቀነት የመሰለ ቀለም ተንሳፍፎ አየሁ። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። ላምባ ይሁን ናፍጣ አልለየሁትም፣ ብቻ የማኪና ነገር ነው። ቀና ስል ምራቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ። ነግሬዎት ነበር እንኳ አላለችኝም።

እኔ ስፈራ እቆጣለሁ። ሌላው ሰው ሲፈራ ይጸልያል፤ እኔ የምጮህበት ሰው ነው የምፈልግ። የምጮህበትም ሰው አልጠፋም። ከአጥራችን ማዶ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል፣ የልጄም የክርስትና አባት ናቸው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ግቢ ውስጥ ማኪና ይፈታል፣ ዘይት ይወርዳል፣ መሬቱ ጠቁሯል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«አያ!» ብዬ በአጥሩ ላይ ጮህሁ። «ምነው? ምን በደልንዎት? የክርስትና ልጅዎን ልጅ በማኅፀን ሊገድሉብን ነው?»

ብቅ አሉ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጀመሪያ ባልዲዬን አዩት፣ ቀጥለው እኔን አዩኝ። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ገቡ። እኔም ንጹሕ ሰው ቢሆን ይከራከር ነበር ብዬ ደመደምሁ። በነጋታው ማመልከቻ አጽፌ፣ ጋራዡ ውሃችንን መርዟልና ይዘጋልን ብዬ ለሚመለከተው ቢሮ አስገባሁ። ስመለስ ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በየበሩ እየቆምሁ አወራሁ። አንዷ ጋራዡ ሊዘጋ ነው አለች፣ ሌላዋ አያ ሊታሰሩ ነው አለች፤ እኔም ይበላቸው አልሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይሉ የለ፣ አፈርና ውሃ የምትመረምረው ባለሙያ የመጣችው በመስከረም ነው። ከጭልጋ በኩል የመጣች ቀጭን ልጅ ናት፣ ረጋ ያለች። ከሾፌሯ ጋር ረጅም የብረት መሰርሰሪያ፣ ብዙ የብርጭቆ ጠርሙስና በረዶ ያለበት ሳጥን አወረደች። አንድ ነገር በነካች ቁጥር ጓንት ትቀይራለች። «ምነው ልጄ፣ ልታዋልጂን ነው እንዴ የመጣሽ?» ብዬ ቀለድሁባት። ምራቴም ሳቀች። ፍርሃቱ ነበረብኝ፣ ግን ያን ቀን የፈራሁት አያ ያመልጣሉ ብዬ ነው።

ልጅቷ ግቢውን ሁሉ ዞረች። ዝናቡ ሲጥል ጎርፉ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጠየቀችኝ፣ ሽንት ቤቱ መቼ እንደተቆፈረ ጠየቀችኝ። ከዚያ በገዛ ጥያቄዬ መጀመሪያ አጥሩ ሥር፣ ከጋራዡ አጠገብ ጀመረች። ሾፌሩ መሰርሰሪያውን እየጠመዘዘ ወደ ታች ሰደደው። የወጣውን አፈር በፌስታል አሥራ ትንሽ ካቆየችው በኋላ፣ የዘይትና የነዳጅ ሽታ የምትለይ እንደ ስልክ ያለች መሣሪያ አፍ ወደ ውስጥ አስገብታ አየች። «እዚህ የለም» አለች።

«እንዴት የለም? ጠለቅ አድርጉት!»

ጠለቅ አደረጉት። የለም። ሁለተኛውን ከአጥሩ ፈቀቅ ብለው ቆፈሩት፤ እዚያም የለም። ደሜ ፈላ። አያ ለሾፌሩ ጉቦ ሰጥተውት ይሆን ብዬ ሁሉ አሰብሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ልጅቷ ግን ተነሥታ ዳገቱን ተመለከተችና «ውሃ ከሥርም ቢሆን ቁልቁል ነው የሚሄድ» አለች። የጋራዡ ግቢ ከእኛ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ አንድም ቀን አላሰብሁትም። ከውሃው ጉድጓድ በላይ ያለው የእኛ ሽንት ቤት ነው።

ሦስተኛውን ሽንት ቤቱ ሥር ሲጀምሩ እኔ ቀድሜ አወቅሁ። ማንም ሳይነግረኝ፣ መሰርሰሪያው ገና ሳይወጣ። አፈሩ ወጣ፤ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ መሣሪያ ሳያስፈልግ ከሩቅ ይሸታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የማኅበር ተራ ሲደርሰኝ ቤቴ ሰው ሞልቶ ነበር። አንዲት የማኅበራችን ሴት ከጠላዋ ውስጥ ዝንብ በጣቷ አወጣችና፣ ሰው ሁሉ እያያት «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች ይሆን?» ብላ ወደ ጓሮ ዞረች። ሴቶቹ አቀረቀሩ። እኔ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። በሳምንቱ አያ ጋር ሄጄ ለሽንት ቤት የሚሆን የተቃጠለ ዘይት ለመንኋቸው፤ ዝንብ ዘይት ላይ እንደማይፈላ የማያውቅ የለም። አያም በጀሪካን ሞልተው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ባለቀ ቁጥር በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል፤ እሳቸውም መጣያ አገኙ፣ እኔም መድኃኒት አገኘሁ። እሱ አልበቃ ብሎኝ፣ ሳንጃ ሰሊጥ የሚያርሰው ወንድሜ በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ የተባይ መርዝ አምጥቶልኝ ነበር። «በክዳኑ አንድ ብቻ» አለኝ። እኔ ሁለት አደረግሁት። ተራዬ ባይሆንም ማኅበርተኛ ጎራ ቢልብኝ ብዬ፣ በየወሩ ማኅበር ሲደርስ በእጄ አፈስሳለሁ። አንድ ዝንብ አታገኙም። ሴቶቹ «ሽንት ቤቷ እንኳ እንደ እልፍኝ ነው» ይሉኝ ነበር፣ እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ልጅቷ ጓንቷን እየቀየረች «እማማ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ምን ትጨምራላችሁ?» አለችኝ።

«አመድ» አልሁ።

«አመድ ብቻ?»

«አመድ ብቻ። ሌላ ምን እንጨምር ኖሯል?»

ምራቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። ዘይቱን የማፈስሰው እሷ ገበያ ስትወጣ ስለሆነ አይታኝ አታውቅም። አያም ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይሰማሉ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገሩም።

ልጅቷ ጠጋ አለችኝ። «እማማ፣ እኔ ሰው ልከስስ አልመጣሁም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ላቦራቶሪው የሚመልስልን የጠየቅነውን ብቻ ነው። ምን እንደተጨመረ ካወቅሁ እሱን ፈልጉልኝ እላቸዋለሁ። ካላወቅሁ ዘይት ፈልጉ ብዬ እልካለሁ፣ ዘይት ያገኛሉ፣ ሌላ ነገር ቢኖር ያልፋቸዋል። ለነፍሰ ጡሯም ሐኪም የሚጠቅመው ይኸው ነው።»

«አመድ ነው አልሁሽ እኮ!» ብዬ ጮህሁባት።

ውሃውን ለምግብም ለመጠጥም እንዳንነካው አዝዛ፣ ጠርሙሶቿን በበረዶው ውስጥ ደርድራ ሄደች። እኔ ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሳንጃ ደወልሁ።

«ያ የሰጠኸኝ መርዝ ስሙ ማነው?»

«የቱ?»

«የዝንቡ!»

«እሱ? የሰሊጥ ነው» አለኝ ወንድሜ። «ከትልቁ ጠርሙስ ቀንሼ ነው፣ ስሙን እኔ ምኑን አውቄው። ፍየል ቀምሳው ወዲያው ነው የደረቀች። ምነው? ጠጣሽው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልወስድሽ፣ እህልም አልዋጥልሽ አለኝ። ምራቴ ትበላለች፣ አያታለሁ። ትተኛለች፣ ትንፋሿን እሰማለሁ። በትንሹ በትልቁ «ይንቀሳቀሳል?» እላታለሁ። «አዎ፣ እማማ» ትለኛለች። ወጥ እያማሰልሁ እጠይቃታለሁ፣ ልብስ እያሰጣች እጠይቃታለሁ። ስለወደድኋት መስሏት ነው መሰለኝ፣ አንድ ቀን እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችልኝ። ሕፃኑ ረገጠኝ። እጄን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰብሁት። ልንገራት እልና እተወዋለሁ። ልጄ ምን ይለኛል? የደባርቅ ዘመዶቿ ምን ይሉኛል? ሰፈሩ አያን ሲረግም የከረመው በእኔ አፍ ነው፤ ምን ብዬ ነው እኔ ነበርሁ የምል? ደግሞም እላለሁ፣ ከዘይቱ በቀር ምንም ላይገኝ ይችላል። ምንም ካልተገኘ ለምን ራሴን አዋርዳለሁ? እንዲህ እያልሁ ቀን ገፋሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ምራቴ «ዛሬ ገና አልተንቀሳቀሰም» አለችኝ። ስትናገር ፈርታም አይደለም፤ ሽንኩርት እየላጠች ነው። እኔ ግን የያዝሁት ሰፌድ ከእጄ ወደቀ። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ የነገርኋት አይመስለኝም። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁትም አላስታውስም፣ ቁስቋም ቅጥር ውስጥ የንስሐ አባቴን አገኘኋቸውና ከእግራቸው ወደቅሁ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ዘይቱን፣ መርዙን፣ አመድ ማለቴን፣ አያን መክሰሴን።

«ስግደት ይስጡኝ አባ» አልሁ። «የፈለጉትን ያህል ይጫኑብኝ። ጾምም ይጨምሩበት።»

ሰምተውኝ ሲያበቁ «ስግደቱን ኋላ እሰጥሻለሁ» አሉኝ። «ውሃውን የጠጣሁት እኔ አይደለሁም። ለጠጣችው ሄደሽ ንገሪ።»

«ብትጠላኝስ?»

«ትጥላሽ» አሉኝ። «ተነሺ፣ ሂጂ።»

ስመለስ ምራቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። «እማማ፣ የት ሄደው ነው? ተንቀሳቀሰ እኮ!» አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ምራቱ እግር ሥር የሚቀመጥ አማት አይታ ስለማታውቅ ደነገጠች፣ ልታነሣኝ ተንደረደረች። አልነሣም አልሁ። ተቀምጬ ነገርኋት። ከዚያ ሄጄ ከሽንት ቤቱ ጣራ ሥር የሸጎጥኋትን ጠርሙስ አመጣሁና ፊቷ አስቀመጥሁት። ግማሽ ሆኗል።

ጠርሙሱን አየችው። «መቼ መቼ ነበር?» አለችኝ።

«በየወሩ። ማኅበር ሲደርስ።»

«በሰኔ ስነግርዎትም?»

«አዎ ልጄ።»

«በሐምሌም? ሲሰድቡኝ?»

«አዎ።»

አልጮኸችም። እኔ ብሆን ሰፈሩን በጩኸት አነሣሁት ነበር። እጇን በፌስታል ሸፍና ጠርሙሱን አነሣችው፣ በሌላ ፌስታል ደግማ ጠቀለለችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጫማዋን ስትቀይር «ልከተልሽ?» አልኋት።

«አንቺ አትምጪ» አለችኝ።

ወደ ቤቴ ከገባች ጀምሮ አንቺ ብላኝ አታውቅም። በሩን ዘግታ ወደ ሆስፒታል ሄደች፣ እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ።

ለባለሙያዋ ደውዬ ነገርኋት። አልተቆጣችም፤ ጠርሙሱን ከሆስፒታሉ እንደምትወስድና ናሙናው ገና ስላልተበላሸ እንደገና እንዲታይ እንደምታደርግ ብቻ ነገረችኝ። ቀጥዬ ጋራዥ ሄድሁ። አያ ከአንድ ማኪና ሥር ተኝተዋል፣ እግራቸው ብቻ ይታያል። ድንጋይ ተሸክሜ ይቅር ይበሉኝ ልል አስቤ ነበር፣ ድንጋዩንም ለማንሣት አቅም አጣሁ። ለእግራቸው ነው የተናገርሁት።

ተስበው ወጡና ተቀመጡ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አሉኝ።

«ይገባኛል አያ። ግን ያን ቀን ለምን ዝም አሉ? አልናገርባትም ብለው ነው?»

«ኧረ ወዲያ!» አሉኝ። «ዘይቱን የሰጠሁሽ እኔ አይደለሁ? ፈራሁ እንጂ። ብናገር አብረን እንጠየቃለን፣ ዝም ብል ነገሩ ይረሳል ብዬ ነው።» ከዚያ እጃቸውን እያዩ «ያቺ ልጅ እየጠጣች መሆኑን እያወቅሁ» አሉና አልጨረሱትም። ሁለት ፈሪዎች ዘይት በጠጣ መሬት ላይ ተቀምጠን ቆየን።

የላቦራቶሪው ወረቀት ሲመጣ ባለሙያዋ ራሷ ይዛው መጣች። ዘይቱ በአፈሩም በውሃውም አለ። መርዙ ደግሞ በሽንት ቤቱ ዙሪያ አፈር ውስጥ ብዙ ነው፣ በውሃው ውስጥ ጥቂት። የውሃው ጉድጓድ ተከደነ፣ ሽንት ቤቱም ተዘጋ። «ጥቂት ማለት ስንት ነው? ልጁን ይነካዋል?» አልኋት። ወደ ሐኪሙ መራችኝ። ሐኪሙም ይህን ያህል የጠጣች ይህን ያህል ትጎዳለች የሚል መልስ እንደሌለው ነገረን። «እንከታተላለን» አለ። እኔ ሞት ቢለኝ አለቅስ ነበር፣ ደኅና ቢለኝ እልል እል ነበር። እንከታተላለን ሲባል ሰው ምን ይሆናል?

በታኅሣሥ ማርያም ማረቻት። ሴት ልጅ ናት፣ ስትወጣ አለቀሰች፣ አዋላጇ ጤነኛ ናት አለች። ልጄ እየሳቀ አለቀሰ። የደባርቅ እናቷ እልል አለች። እኔ ሕፃኗን ሲያቅፉኝ የእጇን ጣቶች ቆጠርሁ፣ የእግሯን ቆጠርሁ፣ ጆሮዋን ገልጬ አየሁ፣ ዓይኗ ብርሃን ይከተል እንደሆነ ወደ መስኮቱ አዞርኋት። ምራቴ ከአልጋው ላይ ሆና ታየኝ ነበር። የምፈልገውን ታውቃለች፤ እሷም ቀድማኝ ቆጥራው ይሆናል።

አሁን ሕፃኗ ትስቃለች፣ እጄን ይዛ ትነክሳለች። አንገቷን ለማቅናት ዘገየች ብዬ ብቻዬን ስጨነቅ ከረምሁ፣ አቀናች። አሁን ደግሞ መቼ ትቀመጣለች እያልሁ እፈራለሁ። ከተቀመጠች መቼ ትናገራለች እላለሁ። ይህ ፍርሃት መድረሻ የለውም።

በየወሩ ለክትትል ስትሄድ ምራቴ ታስከትለኛለች። አንቱ ማለቱን መልሳለች፣ ጎንበስ ብላም ታናግረኛለች፣ ለሰው ስንታይ ምንም የጎደለብን ነገር የለም። የጤና ባለሙያዎቹ ግን በየጊዜው ይቀያየራሉ። አዲሷ ካርዱን ታገላብጥና አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቆም ብላ «ይህ መርዝ የሚለው ምንድን ነው? እንዴት ገባ?» ትላለች። ምራቴ ታውቀዋለች፣ ከእኔ የተሻለ አድርጋ ትናገረው ነበር። አትናገርም። ሕፃኗን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ታስቀምጥና ወደ እኔ ዞር ትላለች።

«እሳቸው ይንገሩሽ» ትላለች።

እኔም እነግራታለሁ።